ሽማግሌ ሊመጣ ነው፤ የአባቴን ስም ግን አላውቅም

የአያቴ ልጅ

እንደምን ዋላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ የሌላውን አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን የማማክረው ሰው ስላጣሁ ልጻፍ አልኩ። ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ያደግሁት ደሴ ነው፣ ከአያቶቼ ጋር። በትምህርት ቤት መዝገብም፣ በመታወቂያዬም፣ በዲግሪዬም ላይ በአባት ስም ቦታ የተጻፈው የአያቴ ስም ነው። እሱን «አባዬ»፣ አያቴን «እማዬ»፣ የወለደችኝን ደግሞ «እትዬ» እያልኩ አደግሁ። ታላቅ እህትሽ ናት ተብዬ። ቀሪውን ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ፤ በአገራችን የኔ ዓይነቱ ቤት የሌለበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም።

ያወቅሁት ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ነው። አንዲት የሰፈር ልጅ ተጣልታኝ «ዲቃላ» አለችኝ። ቤት ገብቼ ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቅ እማዬ የያዘችውን ማማሰያ ጥላ ወጣች፤ ከልጅቷ እናት ጋር ስትጨቃጨቅ ይሰማኛል። ተመልሳ መጣችና እራት አቀረበች። እኔን ግን ማንም ምንም አላለኝም። ገባኝ፣ እኔም ዝም አልኩ። እትዬ ያኔ ጅዳ ነበረች። ስትደውል «ደህና ነሽ እትዬ?» እላታለሁ፣ «ደህና ነኝ እህቴ» ትለኛለች። ማወቄን ታውቃለች፣ ማወቋን አውቃለሁ፤ አንድም ቀን ተነጋግረንበት አናውቅም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ስትመልስ እሷም ከተመላሾቹ አንዷ ነበረች፤ አሁን ደሴ ትንሽ ሱቅ አላት። አባዬም እማዬም አርፈዋል።

አሁን ላገባ ነው። እጮኛዬ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሽማግሌ እንልካለን ብለዋል፤ አባቱ ወግ አጥባቂ ስለሆኑ ሰባት ቤት ይቆጠራል ተብሏል። በአባቴ በኩል አንድም ስም የለኝም። አክስቴን ባማክራት «የአባዬንና የእማዬን ዘር ቁጠሪ፣ ማን ያውቃል?» አለችኝ።

ሌላም ነገር አለ፣ ከዚህ ጋር ይገናኝ አይገናኝ ግን አላውቅም። ስናደድ እስቃለሁ። እምቢ ማለት አልችልም። ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ማን እንደተከፋ ነው። እጮኛዬ በቀደም «አንቺ የምትፈልጊውን እኮ አላውቀውም» አለኝ። እኔም አላውቀውም።

እትዬን ልጠይቃት? ወይስ እስከ ዛሬ እንደኖርን እንቀጥል?

ዶሮ ማነቂያ

ኧረ ተረጋጊ እህቴ! የአክስትሽ ምክር ምኑ ነው የከፋው? አያትሽ አሳደጉሽ፣ አስተማሩሽ፣ ስማቸውን ሰጡሽ። አባት ማለት ሌላ ምንድን ነው? የሽማግሌ ነገር ደግሞ ቡናው እስኪደርስ ነው፤ ስም ትደረድሪያለሽ፣ ይመረቃል፣ ያልቃል። ሠላሳ ዓመት የተሸፈነ ገመና በሠርግ ዋዜማ አይገለጥም። ሆድ ይፍጀው።

ጋሼ ሽበት

ወንድሜ ዶሮ ማነቂያ፣ አንተ የሄድክበት ሽምግልና እንዲያ ሆኖ ይሆናል። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ለብዙ ጎጆ ሽማግሌ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ዘር ሲቆጠር በአባትም በእናትም በኩል እስከ ሰባት ተወጥቶ ስሞቹ ይተያያሉ፣ የሚገናኙበት ካለ ጋብቻው ይቀራል።

ልጄ፣ አክስትሽ እንዳለችሽ ብትቆጥሪ ማንም አይነቃብሽም። ሁለቱም መስመር ሙሉ ሆኖ ይገኛል። እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው ነው፤ የደምሽ እኩሌታ ሳይቆጠር ሊያልፍ ነው። እውነቱን ለመናገር በደሴና በደብረ ማርቆስ መካከል ዝምድና ይወጣል ብዬ አልሰጋም። የምሰጋው ለቀጣዩ ነው። አንድ ጊዜ የሙሽራዋ ወገን ሽማግሌ ገና ሳንቀመጥ ወደ ጓሮ ጠርቶን «የልጅቱ ነገር እንዲህ ነው፣ በአያቷ ስም ነው የምትጠራ» አለን። ተያየን፣ አመሰገንነው፣ ገብተን ተቀመጥን። ሌላ ቤት ደግሞ ከሠርጉ በኋላ ከሰው አፍ ተሰማ፤ የዚያኛው ቤት ጠብ እስከ ክርስትና ድረስ ዘለቀ። አማቶች የተቆጡት በአወላለዷ አልነበረም፣ «አታለሉን» ብለው ነው።

እናትሽን ስታስቢ ግን ዘመኑንም አስቢ። በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ያላገባች ልጅ አረገዘች ማለት አባቷ እድር ላይ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል ማለት ነበር። ከቤት ያባረሩ ብዙ ናቸው። አያቶችሽ ልጅቱንም ልጇንም አስቀርተው በራሳቸው ስም መሸፈናቸው በጊዜው እንደ ምሕረት የሚቆጠር ነበር። ዋጋውን ግን ያስከፈሉት አንቺን ነው። ሁለቱንም አብሮ መያዝ ይቻላል።

ነርሷ ከጅማ

ሁላችሁም ስለ ሽማግሌ አወራችሁ፣ የጥያቄዋን ሁለተኛ ክፍል ግን ዘለላችሁት። እኔ የምሠራው በአእምሮ ጤና ክፍል ስለሆነ እሱን ልያዝ።

«ስናደድ እስቃለሁ» ያልሽው ከታሪክሽ ጋር በጣም ይገናኛል። ልጅ ቤቱ ውስጥ መጠየቅ የሌለበት ነገር እንዳለ ቶሎ ያውቃል፤ ማንም አይነግረውም፣ ከፊት ያነበዋል። አንቺ ያን ቀን የጠየቅሽው አንድ ጥያቄ እማዬን ከቤት አስወጣት። የስድስተኛ ክፍል ልጅ ከዚህ ምን ትማራለች? «የኔ ጥያቄ ሰው ይጎዳል» ትላለች። ከዚያ በኋላ ፊታቸውን እያየች ትኖራለች። ዶናልድ ዊኒኮት የሚባል እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ይህን ጽፎታል፤ ሕፃኑ አሳዳጊው የሚፈልገውን ሆኖ መገኘት ከለመደ ለሰው የሚያሳየው አንድ ማንነት ያበጃል፣ የራሱ ፍላጎት ከኋላ ተደብቆ ይቀራል። ጨዋ ልጅ፣ ታዛዥ ልጅ፣ «እሷማ አታስቸግርም» የተባለች ልጅ። እጮኛሽ ያጣት ያችን የተደበቀችዋን ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማልስማማበት ነገር አለ። ስለ ልጅነት ቁስል በየቦታው የሚጠቀሰው በሳን ዲዬጎ ከ17 ሺህ በላይ ሰዎች የተጠየቁበት፣ የመጀመሪያው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ጥናት ነው። ድብደባ፣ ስድብ፣ ቸል መባል፣ ቤት ውስጥ ሰካራም ወይም የታሰረ ሰው መኖር፣ የወላጅ መለያየት እያለ ይጠይቃል፤ ብዙ «አዎ» ያለ ሰው በጉልምስናው ለድብርትም ለልብ በሽታም የበለጠ ተጋልጦ ተገኝቷል። ትልቅ ሥራ ነው። ግን የቤተሰብ ምስጢር የሚል ጥያቄ የለበትም። አንቺ ያን መጠይቅ ብትሞዪ ምናልባት አንድ ነጥብ ብታገኚ ነው። ስለዚህ ሰው «በልተሽ ለብሰሽ ያደግሽ፣ ምን ጎደለሽ?» ይልሻል፣ አንቺም ራስሽን እንደዚያ ትያለሽ። ያልተመታ ልጅም ይቆስላል።

ለጊዜው ልትሞክሪው የምትችዪው ነገር፦ ጻፊ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጀምስ ፔኔቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎችን በተከታታይ ለ4 ቀን፣ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ፣ የከበዳቸውን ነገር ከነስሜቱ አስጻፋቸው። በጻፉበት ቀን ተከፉ፤ በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ክሊኒክ መመላለሳቸው ቀነሰ። የሆነውን ብቻ ወይም ስሜታቸውን ብቻ የጻፉት ያን ያህል አልተጠቀሙም። ለማንም አታሳዪው። ከጻፍሽ በኋላ እንቅልፍ ካጣሽ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ከከበደሽ አቁሚና ባለሙያ እዪ። አዲስ አበባ ከሆንሽ ጥቁር አንበሳም ቅዱስ ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። አማኑኤልም አለ፤ «አማኑኤል ሄደች» መባልን ፈርታችሁ የምትቀሩት ነገር ሁሌ ያናድደኛል፣ እሱን ሌላ ቀን እንጣላበታለን።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔም ከዘመድ ቤት ያደግሁ ነኝ። አጎቴ «ልጄ» እያለ ነው ያሳደገኝ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ግን ከብት የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። እዚህ አሜሪካ ቴራፒስት ጋር መሄድ ከጀመርኩ በኋላ ነው ዓይኔ የተገለጠው። ምክሬ አጭር ነው፦ ቤተሰብሽ ዋሽቶሻል። እስኪያምኑና ይቅርታ እስኪጠይቁሽ ድረስ ራቂያቸው። እኔ ስልካቸውን አላነሳም፣ ሰላሜን አግኝቻለሁ።

ዶሮ ማነቂያ

ሰላሙን ያገኘ ሰው በሌሊት እዚህ ምን ይሠራል?

ሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ ቀን ነው ወንድሜ።

ነርሷ ከጅማ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባንተ ላይ የደረሰው ጉልበት ብዝበዛ ነው፤ መራቅህ ገብቶኛል። አሁንም የሚጎዳ ሰው ካለ መራቅ ትክክል ነው። የሷ ግን ሌላ ነው። እትዬዋ አሁን የምታደርስባት ጉዳት የለም፣ ያለው ዝምታ ነው። ዝምታን በሌላ ዝምታ ብትመልሰው ምን ተለወጠ? ደግሞ እናቷ ይቅርታ እስክትጠይቅ ልጠብቅ ካለች የመዳኗን ቁልፍ ለእናቷ ሰጠቻት ማለት ነው። እናት ፈጽሞ ላታምን ትችላለች። ያኔስ?

ሲልቨር ስፕሪንግ

እሱስ እውነት ነው። አጎቴ ሳያምን ነው የሞተው። ለቀብሩም አልሄድኩም።

ቤይሩት ያለሁ

ይህን ክር ከሥር እስከ ላይ አነበብኩት። ስልኬን የምይዘው ማታ ማዳም ከተኛች በኋላ ስለሆነ አማርኛዬን ሳላስተካክል እጽፋለሁ።

እኔ እትዬ ነኝ። ያንቺ አይደለሁም፣ ግን ነኝ።

ልጄ አገር ቤት እናቴ ጋ ነው። እህቴ እያለ ነው የሚጠራኝ። ስወልደው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከጤና ጣቢያ ታቅፌው እንደገባሁ እናቴ ከእጄ ተቀበለችኝና «ከዛሬ ጀምሮ የኔ ነው፣ አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ» አለች። ተቆጥታ አይደለም፣ በፍቅር ነው ያለችው። ሌሊት ሲያለቅስ እሷ ጡጦ ይዛ ትነሳለች፣ እኔ ጡቴ እየፈሰሰ አንሶላ ነክሼ እተኛለሁ። ከተነሳሁ ጎረቤት ይሰማላ።

ለምን አትነግሪውም ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ልጅ ነው አልኩ። ቀጥሎ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለበት አልኩ። ከዚያ እዚህ መጣሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም አልኩ። አሁን ደግሞ ብነግረው እናቴን ውሸታም ማድረጌ ነው። ምስጢሩ የኔ ብቻ ቢሆን ገና ድሮ በተናገርኩት። ቤታችን ሁሉ የማለበት ነው።

አንድ ነገር ልምከርሽ። «ለምን ዋሸሽኝ?» ብለሽ አትጀምሪ። እሱን እኛ ራሳችንን ስንጠይቅ ነው የምናድረው፣ ሰው ሲደግመው እንደ ድንጋይ ነው የሚወርድብን፣ በራችንን ዘግተን እንቀመጣለን። «ያኔ ስንት ዓመትሽ ነበር?» በያት። ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም። እኔን አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም።

ደግሞ ብቻችሁን ሁኑ። አክስት፣ ጎረቤት፣ እጮኛ አይኑር። የአባትሽ ነገር በፈቃዷ የሆነ ላይሆን ይችላል። ያን ለመስማት አቅም እንዳለሽ መጀመሪያ ራስሽን መርምሪ። ከሌለሽ ስሙን ብቻ ጠይቂያትና ሌላውን ተዪላት፤ ሲሆንላት ትነግርሻለች።

ነርሷ ከጅማ

እህቴ፣ የመጨረሻው አንቀጽሽ እኔ ከጻፍኩት ሁሉ ይበልጣል። ይህን ማሰብ ነበረብን።

ዶሮ ማነቂያ

ሆድ ይፍጀው ያልኩት እኔ ነኝ። ስንቱን እንደሚፈጅ ግን አሁን አነበብኩ። አልከራከርም።

የቅኔ ተማሪ

ከመንፈሳዊው በኩል ጥቂት ልበል። የንስሐ አባት ካለሽ አማክሪያቸው፤ ነገር ግን እንደ ንስሐ አትያዢው። ንስሐ የሚገባው በራስ ኃጢአት ነው፣ በመወለድሽ ደግሞ ኃጢአት የለብሽም። ብዙ እንደ አንቺ ያሉ ልጆች ሳያጠፉ አጥፊ ሆነው ሲንበረከኩ አይቻለሁ፣ ልቤን ይነካኛል።

«አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለውን ጠቅሶ ዝም በዪ የሚልሽ አይጠፋም። ማክበር ግን መደበቅ ማለት አይደለም። ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር ሴቶችን የመጥራት ልማድ በሌለበት ትዕማርን፣ ራኬብን፣ ሩትንና የኦርዮን ሚስት ጠርቷቸዋል። ከሁሉም ጀርባ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራው ታሪክ አለ። ቢፈልግ ይዘላቸው ነበር፤ ሐረጉ ያለ እነሱም ይቆጠር ነበር። አልዘለላቸውም። በጌታ የዘር ቆጠራ ላይ ያልተደበቀ ነገር በሽማግሌ ፊት የሚያሳፍር አይመስለኝም።

ልደታ ችሎት

የሕጉን ቶሎ ልበልና ልውጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን የማወቅ መብት እንዳለው ይናገራል። አንቺ ሕፃን አይደለሽም፣ ግን መብቱ ያኔም ያንቺ ነበር፤ ዛሬ መጠየቅሽ ድፍረት አይደለም ለማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጎን ዝምድና የሚከለክለው ከእህት፣ ከወንድም፣ ከአክስትና ከአጎት ጋር መጋባትን ነው። ሰባት ቤቱ የባህልና የሃይማኖት ነው። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን አብዛኞቹ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው። የአባት ስም አለማወቅ ጋብቻን አይከለክልም። ስሜን ላስተካክል ካልሽ በፍርድ ቤት የሚሄድ ነው፤ ከመጀመርሽ በፊት ግን ዲግሪሽ፣ ፓስፖርትሽና የባንክ ደብተርሽ ሁሉ እንደሚከተልሽ አስቢ። ብዙ ደንበኛ እውነቱን ካወቀ በኋላም የአያቱን ስም ይዞ መቀጠልን ይመርጣል፤ ያም ውሸት ነው ብዬ አላምንም።

የአያቴ ልጅ

ተመልሻለሁ። ስትጠይቁኝ ለቆያችሁ ይቅርታ፣ ደሴ ነበርኩ።

ቤይሩት ያለሽው እህቴ፣ ያልሽኝን ነው ያደረግሁት። ሱቁን ዘግተን እቤት ስንገባ «ያኔ ስንት ዓመትሽ ነበር?» አልኳት። ያኔ መቼ አላለችኝም። «አሥራ ሰባት» አለች፣ ከዚያ ዝም አለች፤ በቃ አበቃ ብዬ ልነሳ ስል ቀጠለች። የተናገረችውን ሁሉ እዚህ አልጽፍም፣ የሷ ነው። የኔ የሆነውን ልንገራችሁ።

ሹፌር ነበር። ከኮምቦልቻ አሰብ ይመላለስ የነበረ የከባድ መኪና ሹፌር። ሙስሊም ነው። በጉልበት የሆነ አልነበረም፤ ይህን ስትነግረኝ ሳላውቀው ይዤው የቆየሁት ትንፋሽ ወጣ። ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ ነበር፣ አባዬ እምቢ አለ። ወሎ ውስጥ እስላምና ክርስቲያን መጋባቱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ አባዬ ግን መጀመሪያ ደፈረኝ፣ ኋላ ሽማግሌ ላከብኝ ብሎ ነው። ከተወለድኩም በኋላ በአሰብ መንገድ ባለፈ ቁጥር በሰው ገንዘብ ይልክ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መጣ፣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ ወሬው ጠፋ። ይኑር ይሙት አታውቅም። የሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ነገረችኝ። ከዚያ በላይ የላትም።

ሁሉም ነገር አማረ እንዳትሉ። መሀል ላይ «እኔ እኮ አንቺን ለማስተማር የሰው ሽንት ቤት አጥቤያለሁ» አለችኝ፣ ነደደኝ። «እሱን ማን ካደ? እኔ የምለው ስደውልልሽ እህቴ አትበዪኝ ነበር» አልኳት። ጮክ ብዬ። አልሳቅኩም። እሷም ደነገጠች፣ እኔም። ተጣልተን ተኛን። ጠዋት ቁርስ በላን፣ ስለ ሱቁ ኪራይ አወራን። አሁንም እትዬ ነው የምላት፤ እማዬ የምላት ሌላ ሰው ነበረች።

እጮኛዬ ተቆጥቷል። ስለ አባቴ አይደለም፤ «ይህን ሁሉ ጊዜ አብረን ስንኖር እኔ ማን ነበርኩ?» ነው ያለው። ጥቂት ቀን ተኮራረፍን። እሱም መብቱ ነው። ከታረቅን በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄው «ለአባቴ ማን ይንገረው?» የሚል ነበር። እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው። ጋሼ ሽበት፣ ሰባቱ አልሞላም። ሦስት ስም ነው ያለኝ። ደግሞ ስሞቹ የሙስሊም ስም ናቸው፣ አባቱ ደግሞ ጾም ጸሎት የሚያጠብቁ ሰው ናቸው። ምን ይደረግ?

ጋሼ ሽበት

ልጄ፣ ጎሽ።

ሦስት ስምና አገር ይበቃል። ሰባት ሞልቶ የሚቆጥር ስንት አለ ብለሽ ነው? አራተኛው ላይ ሲደርስ አያቱን ሁለት ጊዜ የሚጠራ ሙሽራ አይቻለሁ። «እስከዚህ እናውቃለን፣ ከዚህ በላይ አናውቅም» ይባላል። ይህ በሽምግልና የታወቀ መልስ ነው።

ለአባትየው ልጁ አይንገር። አባትና ልጅ ከተጣሉበት ሽማግሌ የሚገባበት ቀዳዳ ይጠፋል። አንቺም አትንገሪ። ከናንተ ወገን አንድ የተከበረ ሰው ይመረጥ፣ የእናትሽ አጎት ቢሆን መልካም ነው፤ ከቀጠሮው ሳምንት ቀደም ብሎ የነሱን ዋና ሽማግሌ ለብቻው ያግኘው። ይነግረዋል፣ እሱ ደግሞ ለአባትየው ይነግራቸዋል። ሰውየው ቤታቸው ሆነው ይቆጣሉ፣ ቁጣቸው እዚያው ይበርዳል፣ ቀጠሮው ቀን ሲደርስ አውቀው ይመጣሉ ወይም አይመጡም። አይመጡ ይሆናል፤ አልዋሽሽም። ስለ ሃይማኖቱ ከጠየቁ አንቺ የተጠመቅሽ መሆንሽን ይናገር፣ በአባትሽ ግን አይሸማቀቅ። ሽማግሌ ልኮ የተመለሰ ሰው ነው፣ ይህም ይነገርለት።

አንድ ነገር ደግሞ እናትሽን ጠይቂያት። በሠርጉ ቀን የት ትቀመጣለች? እንደ እህት ወይስ እንደ እናት? እንደ እናት ልትቀመጥ ካልፈለገች አታስገድጃት። ከተማው ሁሉ ፊት ነው። ግን ትጠየቅ።

ቤይሩት ያለሁ

ትፈልጋለች። ትፈራለች ግን ትፈልጋለች። ሁለት ጊዜ ጠይቂያት፣ የመጀመሪያውን እምቢ ትልሻለች።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ይህን ክር ከዚህ በፊት ባነበብኩት ኖሮ እላለሁ። ለማንኛውም እንኳን ደስ አለሽ።

ሐዋሳ 05

ይቅርታ ክሩን ስለጠለፍኩ። እኔም በአያቴ ስም ነው የምጠራው፣ ወንድ ነኝ። እናቴ ልጅ ሆኜ ሞታለች፣ አያቶቼም የሉም። «ስንት ዓመትሽ ነበር?» ብዬ የምጠይቃት ሰው የለችኝም። ዘመድ ስጠይቅ «ያለፈውን ተወው» ይሉኛል። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይጀምራል?

ጋሼ ሽበት

ዘመድ አትጠይቅ፤ ዘመድ ቃል አለበት። የእናትህን የክፍል ጓደኛ ፈልግ። ሴት ልጅ በዚያ ዕድሜ ለእናቷ ያልነገረችውን ለጓደኛዋ ትነግራለች። የተጠመቅህ ከሆነ ደግሞ የክርስትና እናትህ ማን ናት? በዚያ ሁኔታ ለተወለደ ልጅ ክርስትና እናት የምትሆነው ነገሩን የምታውቅ ሴት ናት። ካለች ሳትደውል ሂድ፣ ቡና ይዘህ።

ሐዋሳ 05

ክርስትና እናቴ አለች። ይርጋለም ናት። በየዓመቱ በፋሲካ ትደውልልኛለች፣ ሁሌም «መጥተህ አታየኝም?» ትለኛለች። እኔ ወግ ይመስለኝ ነበር።